ዓይኗን ጨፍና የዘፈነችው ልጅ

ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ እማማም፣ ያ ሲከፈት የሚጮኸው በራችሁ ሳይቀር ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እናንተን ማየት ብቻ ነው ያማረኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ አትስጊ።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» ብለሽኝ ነበር። መስመሩ ተቆረጠና መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የምሠራው ወጣቶች የሚያነቡት የሙዚቃ መጽሔት ውስጥ ነው፤ ሽፋኑን የማሰናዳው እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ፎቶና ፊደል፣ ቀለምና ባዶ ቦታ ሳስታርቅ እውላለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመጋረጃው ክፍተት ገብታ ግድግዳው ላይ የለጠፍናቸውን የድሮ ሽፋኖች አንድ በአንድ ስትነካካቸው፣ ሁሉም ባንድነት ሊያዜሙ አፋቸውን የከፈቱ ይመስለኛል። እንዲያው ፈዝዤ እቀራለሁ።

አለቃዬ የመጽሔቱ አዘጋጅ ናት። ልጆች መጽሔት የሚመርጡት እየሄዱ ነው፣ ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያለው ፊት ትልቅ ሆኖ ከሩቅ ይጥራቸው ትላለች። የመጽሔቱ ስም ከላይ ይጻፍ፤ ታችኛው ግማሽ መደርደሪያ ላይ በሌላ መጽሔት ይሸፈናል። ቃላት ጥቂት ይሁኑ፣ ቀለሙ እነሱ ዘንድሮ የሚለብሱትን ይምሰል። ከሁሉ በላይ ግን ዓይን! ሽፋኑ ላይ ያለው ሰው አንባቢውን ፊት ለፊት ካላየው፣ ልጁ ዘወር ብሎም አያየውም ባይ ናት።

ባለፈው ወር የተጣላነው በዚሁ በዓይን ጉዳይ ነው። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ዘፋኝ ለመጀመሪያ ሽፋኗ ፎቶ ልትነሳ መጣች። መብራቱ ሲበራባት ድርቅ አለች። ፎቶ አንሺያችን ቀልዱን ሁሉ ጨረሰ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ «በቃ ዝፈኚልን» አላት። ዓይኗን ጨፈነችና ጀመረች። እታለም፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ! ክፍሉ ቀስ ብሎ ውኃ የሞላበት መሰለኝ። ወንበሩም፣ የመብራቱ ገመድም፣ እኛም ድምፅዋ ላይ የምንንሳፈፍ ያህል ሆንን። ፊቷ እንደተኛ ሕፃን ፈታ አለ። ከተነሳችው ሁሉ ነፍስ ያለው ያ ፎቶ ብቻ ነበር።

አዘጋጇ አየችና «ግሩም ነው፤ አሁን ዓይን ፈልግላት» አለችኝ። ከሌላው ፎቶ የተገለጡ ዓይኖቿን አንስቼ እዚህኛው ፊት ላይ እንድተክል ነው። ተከልኩ። ስፌቱ አይታወቅም። በእጄ ሥራ ኮራሁ፣ አልዋሽሽም።

በማግስቱ ልጅቷ ልታየው መጣች። ስክሪኑ ፊት ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ «ታምራለች፤ ማን ናት?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቷን አየሁት፤ አልቀለደችም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አዘጋጇ ዘንድ ሄጄ ይህን ሽፋን አላወጣም፣ የጨፈነችበት ይውጣ አልኳት። እኔ፣ ያ ሰው ፊት ዳቦ ለመጠየቅ የሚያፍረው ወንድምሽ! «ይህ እትም ካልተሸጠ መጽሔቱ ሊዘጋ እንደሚችል ታውቃለህ?» አለችኝ። ሁላችንም እናውቃለን። አልተቆጣችም፤ «እንግዲያው ልጆቹ ይፍረዱ» አለች። ሁለቱንም ሽፋን ጥቂት ጥቂት አሳትመን ትምህርት ቤት አጠገብ ካለው መጽሔት ሻጭ ዘንድ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። እኛ ከሻጩ ዣንጥላ ጀርባ እንደ ሌባ ተሸጎጥን።

እጅ ሁሉ መጀመሪያ የሄደው ዓይኗን ወደገለጠችው ነው። አዘጋጇ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ግን ያነሷትን ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሷት። የጨፈነችውን ያነሱት ጥቂት ናቸው፤ እነሱ ግን አላስቀመጧትም። አንዲት ረጅም ተማሪ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አውጥታ «ምን እየዘፈነች ነው?» ብላ ሻጩን ጠየቀችው። «እኔ ምን አውቄ፣ ውስጡን አንብቢያ!» አላት። አዘጋጇ መጎሸሙን ተወች። ቢሮው በር ላይ ስንደርስ «የጨፈነችውን ለማተሚያ ቤት ላክ» አለችኝ።

ተአምር አልሆነም። መጽሔቱ ከወትሮው ትንሽ ከፍ ብሎ ተሸጠ፤ ለጊዜው አልተዘጋንም። አለቃዬም ሕጓን አልሻረችም፣ የሚቀጥለው ሽፋን ሁለት ትልልቅ ዓይን አለው። እኔ ግን ሰሞኑን አውቶቡስ ውስጥ የሰውን ፊት ሳይ፣ እያንዳንዱ በሆዱ የሚያንጎራጉረው የሚሰማኝ እየመሰለኝ መውረጃዬን አልፋለሁ።

አንድ ቅጂ ልኬልሻለሁ። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ ሹፌር ነውና ዓይን ጨፍኖ መዝፈን ለእሱ አይፈቀድም በይው። ለእማማ ጉልበቷን ሳሚልኝ። ትንሹን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርጊልኝ። ለትልቋ ልጅሽ መጽሔቱን ስጫት፤ መስታወት ውስጥ አስገብታ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅለው አደራ። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትክተተው፣ ለጓደኞቿ ታውሰው፣ ጠርዙ ይቀደድ። አንድ ቀን አፍራ የያዘችው ዘፈን ጉሮሮዋን ሲነካት፣ ማንም ቢያያት ባያያት፣ ትልቀቀው።

ወንድምሽ

ከሥራ ጠረጴዛዬ፣ ከመስኮቱ ሥር
መጋቢት ፲፬ ቀን