እናትሽና የፀሐይ ግርዶሹ

እሁድ፣ ግንቦት 12 ቀን

ለምትናፍቂን ልጃችን፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ በጣም ደህና ነን፤ ያስቸገረን ናፍቆትሽ ብቻ ነው። ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰን። ለእናትሽ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት፤ በሦስተኛው «አንተ ሰውዬ ትቸኩላለህ፤ ቀስ በል» ብላ ተቆጣችኝ። ለምን ራሷ እንደማትጽፍልሽ ጠይቀሻል። ስንፍና ነው በያት። የስፌት መኪናዋንም «ሰለቸኝ» ብላ ለጎረቤታችን ሰጥታለች። ሠላሳ ዓመት የሰፋ ሰው ቢሰለቸው ምን ይገርማል?

አሁን ወሬውን ልንገርሽ። ማክሰኞ ዕለት ዩኒቨርሲቲያችን የፀሐይ ግርዶሹን ለሕዝብ አሳየ። ያ መነጽሩን ሲጠርግ የሚውለው መምህርሽ፣ እናንተ ተማሪዎቹ «ጭጋግ» የምትሉት፣ አሁን የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኗል። ከወር በፊት ወርክሾፔ ድረስ መጥቶ «ጡረታ ከመውጣትህ በፊት አንድ ሥራ አለችህ፤ ቴሌስኮፑን ለግርዶሹ አድርስልን» አለኝ። የግርዶሽ መነጽር አራት መቶ ብቻ ነበረን። ሕዝቡ ግን ኳስ ሜዳውን ሞልቶ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ጭጋግን ላብ አጠመቀው። «እኔ ጠርቼው መጥቶ ዓይኑን የሚያጣ ሰው ቢኖርስ?» ይላል።

«ግድ የለም» አልኩትና ከተማሪዎች ምግብ ቤት የፓስታ ማጥለያዎቹን ሁሉ አስመጣሁ። ማጥለያውን ለፀሐይ ሰጥተሽ ጥላውን መሬት ላይ ስታዪው በየቀዳዳው አንዳንድ የተነከሰች ፀሐይ ትወድቃለች። ወጥ ሠሪዎቹ «ማጥለያችን ለካ ምሁር ነው!» እያሉ ሲስቁ ሕዝቡ መነጽሩን ረሳው።

እናትሽን ማምጣቱ ነው የከበደኝ። «እኔ ምን ላደርግ? አንተ አይተህ ንገረኝ» አለች። «ልጅሽ አራት ዓመት የተማረችበትን ግቢ አንድ ቀን እንኳ አልረገጥሽውም» ስላት ጫማዋን አጠለቀች።

ቴሌስኮፑ የፀሐይዋን ምስል ነጭ ሰሌዳ ላይ እንዲጥል አድርጌ ነበር፤ የትሪ ያህል ትሰፋለች። እናትሽን አጠገቡ አስቀመጥኳት። ተነሥታ ተጠጋች፣ ተጠጋች፣ አፍንጫዋ ሰሌዳውን ሊነካ ደረሰ። ከኋላ ከተሰለፉት አንዱ ተማሪ «እማማ፣ ከለሉን እኮ!» አለ። ጭጋግ «ተዋቸው፤ ሳይንስ ማለት ተጠግቶ ማየት ነው» አለው። እኔም ጣቷን ይዤ በብርሃኑ ጠርዝ ላይ አስኬድኳት። «እስከዚህ ድረስ ሙሉ ናት። እዚህ ጋ ጨረቃ ነክሳታለች።» ከዚያ በኋላ «አሁንስ የት ደረሰ?» እያለች በየአሥር ደቂቃው ጣቷን ትሰጠኛለች። እጄን እንዲህ አጥብቃ ከያዘችኝ ስንት ዘመኔ መሰለሽ!

ከዚያ ፀሐይዋ ጨርሳ ተሸፈነች። አየሩ ቀዘቀዘ፤ ወፎቹ ዛፍ ላይ ሰፈሩ፤ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ። እኔም ቀና ልል ስል እጅጌዬን ጨመደደችው።

«የጨለመው ለሁላችሁም ነው? ወይስ ለእኔ ብቻ ነው?»

«ለሁላችንም ነው» አልኳት።

«እውነትህን ነው? አንተም አይታይህም?»

«ፊትሽ እንኳ በደንብ አይታየኝም።»

ያን ጊዜ የሳቀችውን ሳቅ ብትሰሚ! እንባዋ እየወረደ፣ ከሕዝቡ ጋር እኩል እልል አለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፊቷ ይታየኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ቴሌስኮፕ ስጠግን ኖሬ፣ ፀሐይዋ የተሸፈነችባት ሁለት ደቂቃ እሷን ሳይ አለፈችኝ። አይቆጨኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ «ልጄስ አይታዋለች?» አለችኝ። አንቺ ባለሽበት አገር እንደማይታይ ነገርኳት። «እንግዲያው እኔ እነግራታለሁ። በደብዳቤ ግን አይሆንም፤ ፊቷን እያየሁ ነው የምነግራት» አለች። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። «ይህን እንዳትጽፍባት! ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች።» እሱን እንግዲህ ጻፍኩት። ሌላም አትጻፍ ያለችኝ ነገር አለ፤ ቃሌን ሰጥቻታለሁና እሱን አልጻፍኩም።

የምትመጪው ምርምርሽን ስትጨርሺ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደሆነ ነግረሽናል። እኔ አላዝሽም፤ ትልቅ ሰው ነሽ። ግን ልጄ፣ ከተቻለሽ በዚህ ክረምት ነይ። ከክረምቱ በፊት ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ፤ ከክፉ ይጠብቅሽ።

የሚወድሽ አባትሽ

ይኸው ደግሞ ስንፍናዋን ትታ ብዕሩን ተቀበለችኝ። ጽሑፏ የእኔን መስመሮች ቢረግጣቸው አትታዘቢያት፤ ወረቀቱ ጠብቧት ነው።

ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን። እናትሽ