በሁሩሙ ሚኒባስ የምሰማሽ

«የዚህች ልጅ አባት ምንኛ የታደለ ሰው ነው!» አለ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ፣ የሁሩሙ ሚኒባስ ውስጥ ዘፈንሽ ሲከፈት። ዞር ብዬ «አዎ፣ የታደለ ነው» አልኩት።

ልጄ ገሊላ፣ ያለሽበት አገር ይመችሽ፤ ድምፅሽን ብርድ አይንካብኝ። አልበምሽ እኛ ከተማ መቱ ደርሷል። ክራርና ሳክስፎን እንዲያ ተስማምተው ስሰማ፣ የሰፈራችን ሰዎችም መስማማትን ይሞክሩት ይሆናል ብዬ ነበር፤ እስካሁን ምልክት የለም። የአባትሽ ወንድም ጋሼ ደርበው «የክራሩ አደራደር ልክ የወንድሜ ነው፤ ያ ጥሩምባ ግን ምን ያጣድፈዋል?» ይላሉ።

ቤት ውስጥ አልከፍተውም። አንድ ቀን ብሞክረው ጎረቤታችን ሻሽቱ አጥር ልትዘል ምንም አልቀራት። «እትዬ፣ ሰው ምን ይላል!» ብላ ራሷ አጠፋችው። ስለዚህ በገበያ ቀን ሁሩሙ እሄዳለሁ። የምገዛው ነገር የለኝም። ሾፌሩ ጉርሙ አልበምሽን ስለሚወደው ሲሄድም ሲመለስም ያጫውተዋል። «አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል» የምትይው ጋ ሲደርስ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ የተኛሁ እመስላለሁ።

ዘመዶችሽ «እንዲህ ያለው በደብዳቤ አይነገርም፤ ሰው በአካል ሄዶ ይንገራት» ብለው ከለከሉኝ። እሺ ብዬ ጠበቅኩ። የተመረጠው ሰው ቪዛ አላገኘም።

የድንግል ልጅ ያጽናሽ፤ ብቻሽን ሳለሽ አያስነብብሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ያቺን የበሩን ስንኝ አትቀይሪያት፤ እንዳለች ዝፈኛት።

አባትሽን በጥቅምት ቀበርነው።

እናትሽ ሮማነወርቅ