ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሕመሙ ጋብ ብሎልሽ እህል ቀመስሽ? ትራስሽንስ ከፍ አደረጉልሽ? «እኔ ደህና ነኝ» የምትለዋን መስመር ዘልያታለሁ። ደብዳቤ መጻፍ ከተማርኩ ወዲህ ስዘላት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ምራትሽ ትናንት ከሆስፒታሉ ሁለት ወረቀት ይዛልኝ መጣች። አንደኛው አስተርጓሚ የማይመደብልሽ ለምን እንደሆነ ይናገራል፦ የእናንተ ማኅበረሰብ ሴቶች የቋንቋ ችግር እንደሌለባቸው በጥናት ታውቋል ይላል።

ያን ጥናት ታውቂዋለሽ። ካቻምና አጥኚዋ ልጅ ስምንታችንን በኢንተርኔት ሰብስባን አልነበር? ባለሱቋ ስልኳን አጋድማ ጣራዋን ብታሳየን፣ ልብስ ሰፊዋ «አንቺ፣ ቤት ልታከራዪን ነው እንዴ?» ብላ ያሳቀችን ቀን። ከዚያ ልጅቷ ጡታችሁን ለመመርመር ስትሄዱ ቋንቋ አያስቸግራችሁም ወይ ብላ ጠየቀች። ትልቅ ሳይናገር አትናገሩምና ሁላችሁም እኔን ጠበቃችሁ። እኔ የሐኪሞቹን ቋንቋ በተማሪ ቤት ዱላ የተማርኩት፣ ገመናችንን በባዕድ ፊት አላወጣም ብዬ፣ ምንም አልቸገረንም፣ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በሽታም አይታወቅም አልኩ። የቀራችሁትም በየተራ «እትዬ እንዳሉት ነው» አላችሁ።

አንቺ ግን ወዲያው አላልሽም። ማይክሮፎንሽ በራ፣ ጠፋ፣ እንደገና በራ። አንድ እጅሽ ብብትሽ ሥር ነበር። አየሁሽ፤ ገባኝም። በዚያ በምታውቂው ድምፄ «ሰው አታስጠብቂ» አልኩሽ። «እትዬ እንዳለችው» ብለሽ ዘጋሽው።

ዛሬ ጠዋት ለአጥኚዋ ደውዬ፣ ዋሽቻለሁና አርሚልኝ አልኳት። ጥናቱ ካለቀ ቆይቷል አለችኝ። ስምንት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥ ማን ይጠራጠራል ስትልም ድምፅዋ ተሰበረ። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ የጠየቀችን እሷ ብቻ ነበረች።

ሁለተኛው ወረቀት ሐኪሙ ስላንቺ ሕመም የጻፈው ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለምራትሽ አልተረጎምኩላትም፤ ላንቺም አልተረጉምልሽም።

ነገ እመጣለሁ። የምመጣው ግን ለጥየቃ ብቻ አይደለም። አጠገብሽ ያለው አልጋ ባዶ ነው አሉኝ። በየትኛው ወገንሽ እንደሆነ ለምራትሽ ንገሪያት። እኔም ጡቴን እያመመኝ በግራ ጎኔ መተኛት ከተውኩ ዓመት አልፎኛል፤ ፊቴን ወዳንቺ ማዞር እፈልጋለሁ።

ፈጣሪ ሕመምሽን ያቅልልሽ። እኔን ይቅር የምትይበትንም አቅም አይንሳሽ።

አፍሽን የዘጋችው
ታላቅ እህትሽ