የጥንቱ ብርሃን ፍጥነት

ሰኞ፣ ኅዳር 8
11ኛ ሐ፣ የመጨረሻው ክ/ጊዜ። የአዳማ ሙቀት። የብርሃን ፍጥነት አይለወጥም ብዬ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳልጨርስ ሲፈን እጇን አወጣች። የጥንቱስ? ከዋክብት ገና አዲስ ሳሉ ፍጥነቱ ይኸው እንደነበር በምን ታወቀ? ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ መልሱን አላውቀውማ። ጠይቄ እመጣለሁ አልኳት።
ማንን? ፊዚክስ ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ አሉ፤ ጡረታ ወጥተው ኩየራ፣ ልጃቸው ዘንድ። ግን ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው ጋር አያወሩም አሉ። ፈራሁ፣ ማስታወሻዬ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ኩየራ ነኝ፤ ግቢያቸው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። ልጃቸው ሰናይት በሩ ላይ አስጠነቀቀችኝ፤ ባይመልሱልሽ አይክፋሽ። እውነትም ለሰላምታዬ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ቢጨንቀኝ የሲፈንን ጥያቄ ዘረገፍኩት።
ቀና አሉ። «ማን ናት የጠየቀችው?»
ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! እጅግ ሩቅ ካሉ ጋላክሲዎች ዛሬ የሚደርሰን ብርሃን የተነሣው ከቢሊዮኖች ዓመታት በፊት ነው። በመንገዱ ያገኘው ጋዝ፣ ብርሃኑ በየቀለሙ ሲበተን የሚታዩ ጥቁር መስመሮች ያትምበታል። ያኔ የብርሃን ፍጥነት ሌላ ቢሆን ኖሮ የመስመሮቹ አቀማመጥ ይዛባ ነበር። ለውጥ አየን ያሉ ነበሩ፤ አልጸናላቸውም። ዓለም ሲጀምር ይፈጥን ነበር የሚሉም አሉ፤ ግምት ነው።
«እስከለካነው ድረስ አልተለወጠም በያት። ‹እስከለካነው› የምትለዋን እንዳትውጫት።»
ሰናይት ጓዳ ገብታ አለቀሰች። በደስታ። ተመስገን።

ሰኞ፣ ኅዳር 15
ለክፍሉ ነገርኩ። ሲፈን ረካች? የት! ሌላ ጥያቄ አላት፤ ራሳቸውን ካልጠየቅኩ አለች። ደወልኩላቸው። እመጣለሁ አሉ!

አርብ፣ ኅዳር 19፣ 11 ሰዓት
መጡ። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሰናይትን አስከትለው። ሲፈን ተነሣች፦ «ጋሼ፣ የምንለካበት ሜትርና ሰዓትም አብረው ተለውጠው ቢሆንስ?»
ጠመኔ አነሡ። ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ጠመኔውን መልሰው አስቀመጡት።
«ይኼንንስ እኔም በቅጡ አላውቀው» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ሰናይት ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው። ክፍሉ አጨበጨበ። ሲፈንም «ገለቶማ፣ ጋሼ» ብላ በኦሮምኛ አመስግና እጅ ነሣች።
በየወሩ አንድ አርብ ሊመጡ ተስማማን። ርእሰ መምህሩም ፈቀደ።
ሁሉም አመሰገናቸው፣ እሳቸውም እኔን አመሰገኑ። ሲፈንን ግን ማንም አላመሰገናት። ምን እንዳደረገች እንኳ አታውቅም። የእናቷ ሱቅ ሳይዘጋ ልድረስ፤ እናቷ ፊት እነግራታለሁ።