በከበሮው ማይክ ውስጥ

ጥር 6

ገበያ ቀዝቃዛ። ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሜ ድምፅ ቀጂውን ይዞ የፍራሽ መጋዘኔን ሊያሳየው መጣ። ሐሙስ ዘፈናቸውን የሚቀዱት እዚያ ነው። የራሴ ቤት እያለ አዳራሽ መከራየት እብደት ነው። አሳትሜ የምሸጠው እኔ፣ ወጪውም የኔ። ታናሼ ጊታር፣ የልጅነት ጓደኛው ከበሮ፣ አንድ ዋሽንት ነፊ። በቃ።

ድምፅ ቀጂውን ሰው ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። መሃል ላይ ቆሞ አንዴ አጨበጨበና ራሱን ነቀነቀ። እስከ ጣሪያ የተቆለለው ስፖንጅ ድምፅ ይበላል አለኝ። ፍራሼ ሳይተኙበት ሲመሰገን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ግን ግማሹ ይውጣ አለ። ተጫዋቾቹ ካልተራራቁ አንዱ መሣሪያ ሌላው ማይክ ውስጥ ይገባል አለ። እምቢ አልኩ። ለአንድ ቀን ዘፈን ሁለት ቀን ተሸካሚ? ተጠጋግተው ይቀመጡ። አልተጣሉ።

ጥር 8

ቀዱ። ደህና ይመስላል። ታናሼና ከበሮ መቺው ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ፤ ሌላ ቦታ የለማ። ድሮም አንዱ ያለ ሌላው ውሃ አይጠጣም።

በመሃል በሩን ከፍቼ ቶሎ በሉ አልኳቸው። ለዕቃቸው ያዋስኳቸው የሱቄ መኪና ሳይመሽ ጭነት አላት። ጆሮ ድምፅህ ገባብኝ ብሎ ተቆጣ። ይቆረጣል አልኩት፣ ምን ችግር አለው?

ታናሼ ከበሮ መቺውን ቤቱ አድርሶ መኪናዋን ይመልሳል። ይኸው አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ የለም። ደንበኛዬ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ልጅ መቼ ነው የሚያድገው?

ጥር 9

ከበሮ መቺው ሞተ።

መታጠፊያው ላይ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተጋጩ አሉ... ታናሼ ክንዱ ተሰበረ፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ምንም አልሆነም ከተባለ። ፖሊስ ይዞታል።

ጥር 13

ቀብሩ ላይ ከሁሉም ኋላ ቆምኩ። ሰላም ያለኝ የለም።

ማታውኑ ጠበቃ አማከርኩ። መኪናዋ በስምህ ናት፣ ሳትጠየቅ አትናገር አለኝ። ልክ ነው። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እኔም ይህንኑ ነበር የምመክረው። ታናሼ ለፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነው ይላል ጠበቃው። «ፈጥኜ ነበር።» ለምን ፈጠንክ ሲሉት ዝም።

ለምን ዝም አለ?

ጥር 21

የከበሮ መቺው ሚስት ሱቅ መጣች። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም። ዘፈኑ ይውጣ አለች፤ ባሏ ስንት ጊዜ ሲመኘው የኖረ ነገር ነው፣ ልጆቹ ይስሙት። አንድ ነገር ብቻ።

«የገደለውን ሰው አውጡልኝ። ከባሌ ጋር አብሮ አይሰማ።»

እሺ አልኳት። ምን ከባድ አለው? አንዱን ዕቃ ከመደርደሪያ ታነሳለህ፣ ጎረቤቱ ባለበት ይቆማል። ጊታር ተጫዋች እንደሆነ ሞልቷል፣ ይተካል።

ጥር 23

ጆሮ ቤት ሄድኩ። ለሴትየዋ እሺ ማለቴን ስነግረው ሳቀ፣ የማያስቅ ሳቅ። የታናሼን ማይክ ዘጋልኝ። ጊታሩ አሁንም ይሰማል። ዋሽንቱ ማይክ ውስጥ ቀጠን ብሎ አለ፣ ከበሮው ማይክ ውስጥ ደግሞ ቁልጭ ብሎ። ጉልበት ለጉልበት ነበሩ...

«ውሃ የገባበትን ወተት መልሰህ ልትለየው ነው?» አለኝ። ወንድሜን ካወጣ ከበሮ መቺውም አብሮ ይወጣል። ይራራቁ ያልኩህ ለዚህ ነበር አለ። ይህን ሲል እንኳ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ከበሮ መቺ ቀጥረን እንደገና እናስቀዳ አልኩ። ማሽኑን አጠፋ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ደረጃውን ስወርድ ነው።

ጥር 28

ሴትየዋ ነገሩን ብነግራት አላመነችኝም፣ ራሴ ልስማ አለች። ጆሮ ቤት ወሰድኳት። የከበሮውን ማይክ ለብቻው ከፈተላት፣ ምንም ያልተቆረጠበትን። ፊቷን ማየት አልደፈርኩም። እጇን ነው የማየው፣ ቦርሳዋን ጨምቃ ይዛለች።

መሃል ላይ ጊታሩ መጣደፍ ጀመረ። ከበሮው ቀጥ አለ። ቀጥሎ የባሏ ድምፅ፣ አጠገባችን የተቀመጠ ያህል።

«ቀስ በል እንጂ። ማን ያባርርሃል?»

ታናሼ፦ «ጋሼ ነዋ። መኪናዬን ይላል።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በር ሲከፈት ተሰማ፣ ከዚያ እኔ። «ኧረ ቶሎ በሉ፣ መኪናዋ ትፈለጋለች።» በሩ ሲዘጋ ሳቃቸው ባሰ።

ጆሮ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ። ተወው አለችው። ድገመው አለችው። ደገመው።

ሲያበቃ ወደኔ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

«እሱን አውጡልኝ ብዬ ነበር። እርስዎንስ ከየት እናውጣዎ?»

በሩን ከፈትኩላት።

የካቲት 3

ጆሮ ደወለ። ሴትየዋ እንዳለ ይሁን፣ የባሌ ንግግር አይነካ ብላለች። በሩ ላይ ያለውን ያንተን ድምፅ ግን ላውጣልህ ወይ አለኝ፤ ያዘነልኝ ይመስላል። አትንካው አልኩት። ይህን ማን ይገዛል? ማንም። አንድ ቅጂ ለሷ፣ አንድ ለኔ።

የካቲት 5

ታናሼን ጠየቅኩት፣ እስር ቤት። ክንዱ እንደታሰረ ነው። ጣቶቹን አያዛቸውም። ለምን ስሜን አላነሳህም አልኩት።

«መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ቅጂውን እንደሰማሁ ነገርኩት። ግድግዳውን እያየ ቀልድ ነበር አለኝ። አዎ፣ አውቃለሁ አልኩት። ሁለታችንም ዋሸን።

የካቲት 9

ፍርድ ቤት። ጠበቃው እጄን ያዘኝ፣ አስለቀቅኩት። ያጣደፍኩት እኔ ነኝ አልኩ፤ ቅጂውንም ሰጠሁ። ዳኛው ጻፉ። ለታናሼ የቀለለ ነገር የለም፣ በኔም ላይ ፋይል ይከፈታል አሉ። ሴትየዋ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ስወጣ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ አሳለፈችኝ። ያ ብቻ።

የካቲት 12

ክስ እየጠበቁ ሱቅ አይከፈትም። የመጋዘኑን ፍራሽ በሙሉ ለአንድ ነጋዴ ሸጥኩ። ዛሬ ጠዋት ተሸካሚዎች መጡ። ቁልሉ ሲነሳ ክፍሉ ሰፊ ኖሯል፣ ሦስት ሰው ተራርቆ የሚቀመጥበት።

ሁለት ቀን ይፈጃል ብዬ ነበር። ከምሳ በፊት አለቀ።