አምስቱ ዲስኮችና የጠዋት መንገድህ

ለደምሴ፣ ለቤቴ ባለቤት፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ጨክኜብህ አይደለም፤ አጀማመሩ ጠፍቶኝ ነው። «እንደምን ሰንብተሃል» አይባል ነገር፤ «እኔ ደህና ነኝ» ብልህም አታምነኝም። ዛሬ ግን አላስቻለኝም። የምሥራች አለኝ ደምሴ፤ የምሥራች ደግሞ ባለቤቱ ሳይሰማው አያድርም። ባለህበት ሆነህ «ምሥር ብይ» በለኝና ልቀጥል።

በመጀመሪያ የቤቱን። ልጅህ ስለእናት ትምህርት ቤት ገብታለች። ፊደሉን ለቅማ ጨርሳ አሁን በየጣሳውና በየከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ጎረቤቱን ታውካለች። ግትርነቷን ሰው ሁሉ «የአባቷ ነው» ይላል፤ እኔም አዎ እላለሁ፣ አንተ መጥተህ አትከራከረኝ። ከበራፋችን በታች «ነገ እጠግነዋለሁ» ስትለው የኖርከውን የድንጋይ ደረጃ ባለፈው በጋ አሠራሁት። አየህ፣ ያንተ ነገ ስትዞር ስትዞር እኔ ዘንድ ደረሰች። እናትህም ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ነው እንጂ የደከመው ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። የእሳቸውን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ፤ ምሥራቹ ያለው እዚያ ነውና።

አንተ ከተከዜ ቆላ ወባዋን ይዘህ መጥተህ በሳምንትህ ስትሄድብን፣ ለውሃ ቢሮው የቀረለት የምንጮቹ መረጃ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ከኮን እስከ ሙጃ ምንጭ ለምንጭ ዞረህ፣ በበጋም በክረምትም ባልዲ ደቅነህ፣ በእጅ ሰዓትህ በስንት ሴኮንድ እንደሞላ የለካኸው። አንተ በደብተር ታመጣለህ፣ እኔ ጸሐፊዋ ዩኒክስ በሚሉት በዚያ በትልቁ ኮምፒውተር አስገባለሁ። ደብተሮቹ ታዲያ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶባቸው በስብሰው ተገኙ። ቅጂ የሚያዝበት የቴፕ መሣሪያም አንተ በሕይወት እያለህ የተበላሸ ነው፤ ስንት ጊዜ «ይቀየርልን» ብለህ ማመልከቻ እንደጻፍክ አንተው ታውቃለህ። እና ሁሉም ነገር የቀረው የማሽኑ አምስት ዲስኮች ላይ ብቻ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱስ ለቀቀ፤ ሞኟ ሚስትህ ግን አልለቀቀችም።

ሙት ዓመትህ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማሽኑ ተቃጠለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣ፤ አንድ ብልጭታ፣ ትንሽ ጭስ፣ ከዚያ አለቀ። ዲስኮቹ በውጭ በኩል በየሣጥናቸው ስለነበሩ አልተነኩም። የቢሮው ኃላፊ ከወልድያ ሌላ እንዲያ ያለ ኮምፒውተር አስመጡ፤ ከአዲስ አበባም ሳምሶን የሚባል ባለሙያ ተላከ። ዲስኮቹን ከሞተው ነቅሎ ከመጣው ጋር ማገናኘት የግማሽ ቀን ሥራ ነው አሉን።

የግማሽ ቀን! አንተ እቴ ለዲስኮቹ ቁጥር መች ሰጠሃቸው? የከተማችንን አብያተ ክርስቲያናት ስም በፕላስተር ላይ ጽፈህ ለጠፍክባቸው እንጂ፤ አንዱ ጊዮርጊስ፣ አንዱ አማኑኤል፣ አንዱ ማርያም፣ አንዱ ገብርኤል፣ አንዱ መድኃኔ ዓለም። ማንኛው ከማን ቀጥሎ እንደሚመጣ የተመዘገበው በተቃጠለው ማሽን ሆድ ውስጥ ነበር። ማሽኑ አንዱን ጽሑፍ ቆራርሶ ለአምስቱ በተራ በተራ ያድል ስለነበር፣ ተራው ከተዛነፈ የሚወጣው ሁሉ ዝባዝንኬ ነው።

ሳምሶን አስጎብኚዎች እንግዳ በሚያዞሩበት ተራ ደረደራቸው፤ መድኃኔ ዓለምን መጀመሪያ አድርጎ። ማሽኑ አልቀበልም አለ። ስክሪኑ ላይ ስህተት በስህተት ወረደና መጨረሻ ላይ «ልጠግነው?» የሚለው ጥያቄ መጣ። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ለሙት ዓመትህ ጠላ ስጠነስስ ነበር የጠሩኝ፤ ጌሾ ጌሾ እሸታለሁ። ሳምሶን ጣቱን ወደ «አዎ» ሲሰድ አንተ ያስተማርከኝ ትዝ አለኝ። ይህች ጥያቄ ስትመጣ እርግጠኛ ካልሆንሽ እምቢ በይ ብለኸኝ ነበር። ጥራዙ የተዘበራረቀ መጽሐፍ አግኝቶ፣ አልያያዝ ያለውን ገጽ ሁሉ እንደሚፍቅ ጸሐፊ ነው ማሽኑ፤ ጠገንኩ ብሎ ያጠፋዋል። የሰውየውን እጅ ለቀም አደረግኩት። አዎ፣ ጥቁር የለበስኩ ሴት፣ በሥራ ቦታ፣ የባዕድ ወንድ እጅ ያዝኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ የእኛ ግን ከፈሰሰ የሚለቀምም አልነበረም።

ሳምሶን ተቆጣ። አምስት ዲስክ በመቶ ሃያ ዓይነት ተራ ሊደረደር ይችላል፣ አንዱን መሞከር አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ እኔ ነገ ተመላሽ ነኝ አለ። ኃላፊውም ጨነቃቸው። የምንጭ ግንባታ የሚደረግላቸው ቦታዎች ዝርዝር በዚያው ሳምንት መጨረሻ ይዘጋል፤ መረጃ የሌለው ቦታ አይገባም። ላስታ መረጃ የላትም ተብሎ ሊታለፍ ነው! የአምስት ዓመት በጋና ክረምት ደግሞ እንደገና በሳምንት አይለካም። ያቺ ከሙጃ በላይ ያለችው የእናትህ ምንጭ፣ እንስራ አዝለው ገደሉን የሚወጡባት፣ እሷም ከዚያው ውስጥ ነበረች። አንተ ይህን ሥራ የያዝከው በእሷ ምክንያት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ያን ጊዜ ደረቴን ነፍቼ ተራውን እኔ አውቀዋለሁ አልኩ። የጠዋት መንገድህ ነዋ! በሙሽርነታችን ጊዜ አብረን አልሄድንበትም? ከደጃችን ጊዮርጊስን ተሳልመን፣ ወደ ገብርኤል፣ ከዚያ አማኑኤል፣ ከዚያ ወጥተን ማርያምና መድኃኔ ዓለም። አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። ሳምሶን ገመዱን አዛውሮ፣ ቁጥሩን ለውጦ አስነሳው። ያው ስህተት፣ ያው ጥያቄ። እፍረቴን ምን ብዬ ልንገርህ! የሳምሶን ፈገግ ማለት እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ኃላፊው፣ እስከ ነገ ቀትር ካልተገኘ ዲስኮቹ ተጠርገው ለአዲሱ ሥራ ይዋሉ ብለው ወጡ።

ቤቴ ገብቼ ጋኑ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያልቀበርኩት አንድ ነገርህ እሱ ነበር፤ ነገ ደግሞ እሱን ልቀብር ነው። እንዲያ እያለሁ የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ መጡ፤ ለሙት ዓመቱ ስንት ካህናት እንደሚጠሩ ሊነግሩኝ ነው። ካህናቱን ትቼ ስለ ዲስኮቹ ዘከዘክሁላቸው። ምን ይገባቸዋል ብዬ ነው? እንጃ። ብቻ እስከ መጨረሻው አዳመጡና ሳቁ። ሳቁ ስልህ!

ስለቱን ታስታውሻለሽ ወይ አሉኝ። እንዴት አላስታውስ? ሰባት ዓመት ልጅ አጥተን፣ በገና ዕለት፣ ማርያም ግቢ ልጅ ያጡ ሴቶች የሚነከሩበት ኩሬ ውስጥ በገመድ ወርጄ፣ አንተ ደግሞ ጃንጥላ ተስለህ። ስለእናት ስትወለድ ጃንጥላው ገባ፤ ስለቱ ደረሰ ብዬ እኔ ረሳሁት። ለካ አንተ ጃንጥላው አንሶህ ኖሯል። ልጅቷ አድጋ፣ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ፣ ብቻዋን በእግሯ መጥታ እስክትሳለም ድረስ ከማርያም በፊት የማንንም ደጅ አልሳለምም ብለህ በእሳቸው ፊት ሁለተኛ ስለት ተስለሃል። የምነግርሽ ንስሐ ስላልሆነ ነው፣ በአደባባይ የተናገረው ነው አሉኝ። በየማለዳው የማርያምን በር መጀመሪያ የምትሳለም አንተ ነህ፤ እሳቸውም ይቀልዱብሃል፤ ደጅህ ላይ ያለውን ጊዮርጊስን ዘለህ እንዴት ትመጣለህ ይሉሃል። አንተ ምን እንደምትመልስላቸው ነገሩኝ።

«ጊዮርጊስ ፈረሰኛ ነው አባቴ፣ ይደርስብኛል» ትላቸው ነበር።

ይህን ስሰማ ድምፅህ ቤቱ ውስጥ የገባ መሰለኝ። እንዲህ የሚል አንተ ብቻ ነህ። ደግሞም ተናደድኩብህ፤ አልደብቅህም። እኔ ልጅ አጥቤ አብልቼ ዘግይቼ ስወጣ፣ አንተ ስለ እኛ በየቀኑ ዞረህ እየሄድክ፣ አንድ ቀን ትንፍሽ አትልም? ዲስኮቹ የመጡት ደግሞ ልጅቷ አራስ ቤት እያለች ነው። እኔ በሙሽርነቱ መንገድ ስፈልግህ፣ አንተ በአባትነቱ መንገድ ሄደህ ነበር። የቀረውን እግሬ ያውቀዋል። ከማርያም ቀጥሎ አጠገቧ ያለው መድኃኔ ዓለም፤ ከዚያ ወርደህ ገብርኤል፤ ከዚያ አማኑኤልን ተሳልመህ ቢሮ። ጊዮርጊስማ ማታ ስትመለስ ነው፤ ስንቴ በሩ ላይ ቆሜ ጠብቄሃለሁ።

በማግስቱ ማለዳ፣ የአሸተን ተራራ ገና ጉም ለብሶ፣ ማርያምን ተሳልሜ ቢሮ ገባሁ። ሳምሶን ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ለመንኩት፤ ስለ ትናንቱም ይቅርታ ጠየቅኩት። ለነገሩ ልጁ ክፉ አልነበረም፣ ተቀመጠ። ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፣ ገብርኤል፣ አማኑኤል፣ ጊዮርጊስ። ማሽኑ ጮኸ፣ ዞረ፣ ቆየ። ጥያቄውን ጠበቅሁ። ጥያቄው አልመጣም። በምትኩ የፋይሎቹ ስም ከላይ እስከ ታች ግጥም ብሎ ወረደ፤ እኔ በእነዚህ ጣቶቼ የጻፍኳቸው፣ የቀበሌውም የምንጩም ስም፣ አንድ ሳይጎድል።

አንዱን ክፈተው አልኩት፤ የእናትህን ምንጭ። በሰኔ ይህን ያህል ሴኮንድ፣ በጥር ይህን ያህል፣ በሚያዝያ አርባ ሴኮንድ፤ አምስት ዓመት ሙሉ አንዴም አልደረቀም። ከቁጥሮቹ ሥር የማስታወሻው ቦታ ላይ አንተ ያልከው፣ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ያስገባሁት አለ፤ «ቁልቁለቱ ያዳልጣል። እናቴ እዚህ ወድቃ እንስራዋ ተሰብሯል።» ያን ጊዜ እልል አልኩ። ጥቁሬን እንደለበስኩ፣ ሙት ዓመትህ ሳይወጣ፣ ቢሮው መሀል እልል አልኩ ደምሴ! ዘበኛው ሮጦ ገባ። ኃላፊው መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ሳምሶን ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝና «እትዬ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ጉዞውን ሰርዞ ቀኑን ሙሉ ሁለት ቅጂ ሲያወጣ ዋለ፤ አንዱ እኛ ዘንድ ቀረ፣ አንዱ ወልድያ ሄደ። በሙት ዓመትህም መጥቶ ጠላህን ጠጣ። ቀጠነ አለ እንጂ ሦስት ጣሳ ነው ያወረደው።

ዝርዝሩ በሰዓቱ ሄደ፣ ላስታም ገባች። በጋ ከበጋ ስላልደረቀ የእናትህ ምንጭ ከመጀመሪያዎቹ ሆነ። ይኸው ባለፈው ሳምንት ተመረቀ። ምንጩ ታጥሮ፣ ውሃው ሌት ተቀን እየተጠራቀመ፣ በቧንቧ እስከ መንደሩ መሀል ወጥቷል። ንግግር በንግግር ሆነ፤ ያንተን ስም ያነሳ አልነበረም። አልከፋኝም ልልህ ነበር፣ ከፍቶኛል። ግን እናትህ ንግግሩ እስኪያልቅ መች ጠበቁ? ባልዲያቸውን ይዘው ሰውን እየገፉ ሄደው ደቀኑት። እኔም ሰዓትህን ከመቀነቴ ፈትቼ አወጣሁ። አዎ፣ ይሠራል፣ በየጠዋቱ እሞላዋለሁ። ቧንቧው ሲከፈት ጀመርኩ፣ ባልዲው አፍ ሲደርስ አቆምኩ። አሥራ አንድ ሴኮንድ! በሚያዝያ፣ በዚያ በምታውቀው ድርቅ ባለ ወር፣ አሥራ አንድ ሴኮንድ። ጮክ ብዬ ስናገር ሰው ሁሉ አበደች ብሎ አየኝ። እናትህ ግን ገባቸው። ባልዲውን አቅፈው፣ ቀሚሳቸው እየራሰ፣ ወደ ሹማምንቱ ዞሩ።

«ይህን ውሃ የቀዳልኝ ልጄ ነው» አሉ።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ፣ ከሚያዝያ አርባ ሴኮንድህ ሥር አሥራ አንዷን ጻፍኩ፤ ከጎኗም ያንተን ስም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ስለትህን ሳትጨርስ ሄደሃል፤ ልጅህ ገና አላደገችም። ከሙት ዓመትህ ማግስት ጀምሮ ይዤልሃለሁ። በየማለዳው ደጃችንን አልፌ፣ ጊዮርጊስን በሩቁ እጅ ነስቼ፣ ማርያም እሄዳለሁ፤ ከዚያ መድኃኔ ዓለም፣ ገብርኤል፣ አማኑኤል። እግሬ ያንተን ተራ አይስትም፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ከማንም ማሽን ሆድ ጋር አይቃጠልም። ስለእናት አድጋ አንድ ቀን ብቻዋን በራሷ እግር መጥታ ስትሳለም የሁለታችንንም ቃል እሷ ትፈታልናለች፤ ያን ቀን መንገዱን የማን እንደሆነ እነግራታለሁ። እስከዚያው ለጊዮርጊስ አታስብለት። አይቀየመንም፤ ፈረሰኛ ነው፣ ይደርስብናል።

ሚስትህ የሺ
ላሊበላ