ለአንቺ የላክሁት ቀይ ጉትቻ

ውድ እትዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ሰኞ ጠዋት፣ አንዲት እናት ስልኳን በፋርማሲያችን መስታወት ላይ አስደግፋ «ይቺን ልጅ ያዳናት ቅባት አላችሁ?» ስትለኝ ነው። ይቺ ልጅ እኔ ነኝ። በግራ በኩል ጉንጬ በብጉር ቆስሎ፣ በቀኝ በኩል በምረቃዬ ቀን ፈገግ ብዬ። ከሥሩ «በሁለት ሳምንት ብቻ» ይላል። ማስክ አድርጌ ስለነበር አላወቀችኝም።

«የለንም። ለማን ነው?» አልኳት።

«ለልጄ። አንዱን ጨርሳዋለች። ትንሽ አቃጠላት፤ ይቺንም መጀመሪያ አቃጥሏት ነበር አሉ።»

ልጅቷ ከኋላዋ ሻርፗን ዝቅ አደረገች። ጉንጯ ተልጧል።

ያንን የቆሰለ ፊቴን የያዘው ፎቶ ያለው ሦስት ሰው ጋ ብቻ ነው፦ ሐኪሙ ጋ፣ አብሮ አደጌ ቀጮ ጋና አንቺ ጋ። «ለሐኪሙ ግልጽ ይሁንለት» ብለሽ መስኮቱ አጠገብ ያነሳሽኝ አንቺ ነሽ። ትምህርቴን ላቋርጥ ስል እያባበልሽ ክፍሌ ድረስ የወሰድሽኝም አንቺ ነሽ። ሥራ ከለቀቅሽ ወዲህ በኢንተርኔት ልብስ እንደምትሸጪ ነግረሽኛል፤ ቅባት ግን አላልሽኝም። ስለዚህ ቀጮን ጠረጠርኩ።

ደውዬ ያላልኳት ነገር የለም። ሰምታ ስትጨርስ «እኔ እኮ በራሴ ፎቶ እንኳ ባል ማግኘት ያቃተኝ ሰው ነኝ፤ ያንቺን ለማን እሸጠዋለሁ?» አለችና ዘጋችው። ድምጿ ግን የቀልድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን ቀና ያደረገ ሁሉ የሚያነሳኝ ይመስለኝ ጀመር። እናታችን «እስቲ ፈገግ በይ» ስትለኝ እንኳ «ለምን?» አልኳት።

በእኛ ሥራ እያንዳንዱ የመድኃኒት ካርቶን የምድብ ቁጥር አለው። አንዱ ሲበላሽ ከየት እንደወጣ በቁጥሩ እንደርስበታለን። ፊቴንም እንደዚያው አደረግሁት። ሦስት አዲስ ፎቶ ተነሳሁ። ለሐኪሙ ያለ ጉትቻ፣ ለቀጮ ከይቅርታ ጋር በነጭ ጉትቻ፣ ለአንቺ በቀይ ጉትቻ ላክሁ። ይቅርታዬም ወጥመድ ነበር፤ አፍሬበታለሁ። አንቺ «ከዓይን ያውጣሽ፣ የኔ ቆንጆ» ብለሽ መለስሽልኝ።

ቅባቱ የሚሸጥበትን ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ነጩ ይሁን እያልኩ እመኝ ነበር። ሐሙስ ቀዩ ጉትቻ ገበያ ወጣ።

ስደውልልሽ አልካድሽም። «ስምሽን አልጻፍኩም። ደግሞ እህቴን እንደ ባዳ ላስፈቅድ ነው እንዴ? ያማረብሽን ነው የመረጥኩት» አልሽኝ፤ ውለታ እንደዋለ ሰው።

እትዬ፣ እኔን ያዳነኝ የሐኪሙ ክኒንና ዘጠኝ ወር ነው። በየጠዋቱ ክኒኑን ከውሃ ጋር ይዘሽ አልጋዬ ጫፍ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነበርሽ። የማታውቂ ብትሆኚ ይቅር ማለት ይቀለኝ ነበር።

አርብ ያቺን ጉንጯ የተላጠ ልጅ ከእናቷ ጋር ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት። ማስኬን አውልቄ ፎቶው የኔ መሆኑን ለእናቷ ነገርኳት። እሷም «ታዲያ አንቺን ስንት ከፈሉሽ?» አለችኝ። ምንም ብላት የምታምነኝ አልነበረችም። እኔም በሷ ቦታ ብሆን አላምንም።

ፎቶዎቹን ዛሬ አውርጂ። ከአንቺ ለገዙ ሁሉ ሐሰት እንደነበር በራስሽ ቃል ጻፊላቸው፤ ቅባቱንም እንዲያቆሙ ንገሪያቸው። እስከ ሰኞ ካላደረግሽው ከሳሽሽ እኔ ነኝ፤ ሦስቱም ፎቶዎች በእጄ ናቸው።

ያ ጠዋት ጠዋት የሰጠሽኝ ውሃ አይረሳኝም። ግን ፊቴን አልገዛሽበትም። ከእንግዲህ እህቴ ነሽ፣ ልጄ ነሽ፣ ጓደኛዬ ነሽ እያለ ሳይጠይቀኝ ፊቴን የሚወስድ ሰው አልቀበልም፤ አንቺም ብትሆኚ።

ባለ ቀይ ጉትቻዋ